የድርጭቷ አንገት

«ድርጭት ማለት ይቺ ናት» አለ ሶሳንድሮስ፣ ክሌይኖ የቀረጸችውን አዲሱን የብር ሳንቲም ማተሚያ የተጫነችበትን ጭቃ ወደ መስኮቱ አዙሮ። «እነዚያ የወደብ ጉረኞች አሁን ያዩናል።»

ክሌይኖ ፈገግ አለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የአባቷ ዓይን ከደከመ ወዲህ የከተማዋን ማተሚያ የምትቀርጸው እሷ ናት፤ እጇንም ታምነዋለች። ከተማቸው ዘንድሮ ወደ ከተሞቹ ኅብረት ገብታለች። የኅብረቱ ብር ደግሞ የትም ቢሠራ አንድ ነው፦ በአንድ በኩል የአምላካቸው የዜውስ ራስ፣ በሌላው በቅጠል ጉንጉን ውስጥ የኅብረቱ ምልክት፣ የየከተማው ምልክት ከሥር፣ ትንሽ ሆኖ። ትንሽ! ወደብ ላይ በተደረገው የኅብረቱ ስብሰባ አጎቷን ሶሳንድሮስን ከበሩ ሥር፣ ከአገልጋዮቹ ጎን ነበር ያስቀመጡት። እንዲህ ያለውን ማን ይረሳል? ስለዚህ የከተማዋ ምልክት የሆነችው የክሌይኖ ድርጭት ጉንጉኑን ጥሳ መሃል ድረስ ወጥታለች።

አባቷ ጭቃውን በጣቱ ዳሰሰ። «ክንፏ አምሯል። ግን ሩቅ ያለ ሰው ሲያያት የማን ብር ናት ይላል?»

«የኛ ናት ይላላ።»

«እኛን ማን ያውቀንና?»

«አንተ መቼም ዕድሜህን ሙሉ አንገትህን እንደደፋህ ነው» አለ ሶሳንድሮስ ታናሽ ወንድሙን። «ተይው ልጄ፣ ነገ ጠዋት ብሩ ይመታበታል።»

አባቷ ከወገቡ አንድ አሮጌ ብር ፈትቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ከተማዋ ለብቻዋ በነበረችበት ጊዜ እሱ ራሱ የቀረጸው ነው። ድርጭቷ ፊቱን ሞልታዋለች፤ አንገቷ ላይ ግን ጥልቅ የመሮ ቁስል አለ።

«ወደብ ላይ ዓሣ ልገዛበት ብዬ ነው» አለ። «ሻጩ አላወቃትም። ውስጧ መዳብ መስሎት ሰው ሁሉ እያየ ቆረጣት።»

«ብሩ ንጹሕ አልነበረም?»

«ንጹሕ ነበር። ሳቁብኝ እንጂ።»

ክሌይኖ ቁስሉን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ነካችው። የተቀረጸ ብረት ተመልሶ አይሞላም፤ ፊቱን በሙሉ ሞርዶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ማተሚያውን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ሞረዱን አነሳች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ሶሳንድሮስ።

«ትንሽ ላደርጋት።» የሚያምረውን ክንፍ ለመጨረሻ ጊዜ አየችው። «አንገቷን ግን ቀና አድርጌ ነው የምቀርጻት። አጎቴ፣ ያንን የማሰሮ ውሃ ያቀብሉኝ።»

ሶሳንድሮስ ጎንበስ ብሎ ማሰሮውን አነሳ።