ያልተከፈተው ፍላሽ

ሟቹ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ፣ ከፊቱ የተከፈተው አዲስ ላፕቶፕ «የማገገሚያ ፍላሽዎ ዝግጁ ነው» ይል ነበር። ማሽኑ ሥራውን በሚገባ ጨርሷል፤ የሚነቅልለት ሰው ነው የጠፋው።

መርማሪዋ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ባልደረቦቿ «ቁንጥንጥ» የሚል ስም አውጥተውላታል፣ እውነታቸውንም ነው። ወንበር ሲሰጧት ጠርዙ ላይ ትቀመጣለች፣ ስታስብ እስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፣ አንድ ነገር ካልገባት ደግሞ ቆዳዋ የጠበባት ይመስል ትንቆራጠጣለች። አሁን ጠረጴዛውን ሦስተኛ ጊዜ እየዞረችው ነበር።

ከሟቹ ራስ በላይ የነበረው የእንጨት መደርደሪያ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። የጣሳ ቅርጽ ያላቸው የኮንክሪት ናሙናዎች ወለሉ ላይ ተበታትነዋል፣ አንደኛው ደም ነክቶታል። ቤቱ የሕንፃ ኮንክሪት ጥንካሬ የሚፈተንበት ላቦራቶሪ ነው። መሐንዲሱ ከየዓምዱ ናሙና ሰርስሮ ያወጣል፣ በመጭመቂያው እየጨፈለቀ ስንት እንደሚችል ይመዘግባል። ሠላሳ ዓመት ሲጨፈልቅ የኖረው ድንጋይ ዛሬ ወደቀበት ለማለት ሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር።

ስልኳ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው።

«የመደርደሪያው ብሎኖች ተፈተው ነው የወጡት አሉኝ። ኮምፒውተር ጠጋኟ ደግሞ መፍቻ ይዛ ነው የመጣችው። ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጊዜ።»

«እስከ ስምንት ሰዓት። ከዚያ ሴትዮዋን ይዘሻት ትመጫለሽ።»

መርማሪዋ ስልኩን ዘግታ ወደ ሟቹ አጎነበሰች። ከሸሚዙ ኮሌታ ሥር ቀይ ክር ብቅ ብሏል። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ሳብ ስታደርገው ያለ አንዳች ተቃውሞ ወጣላት። በመቀስ ተቆርጧል። በደረት ኪሱ ውስጥ ከነማሸጊያው ያለ አዲስ ፍላሽ አለ፣ ማሸጊያው ላይ «ማገገሚያ» ተብሎ የዛሬ ቀን ተጽፎበታል። ላፕቶፑ ላይ የተሰካው ግን ጥግ ጥጉ የተፋፋቀ አሮጌ ጥቁር ፍላሽ ነው። የላፕቶፑ ቻርጀርም ገና ከላስቲኩ አልወጣም።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ እስክሪብቶው።

መጀመሪያ ያነጋገረቻት የሟቹን የእህት ልጅ ነው። የቢሮውን ወረቀት የምትይዘው እሷ ናት፣ አምስት ሰዓት ላይ አስከሬኑን ያገኘችውም እሷው። ዓይኗ አብጧል።

«ሰው ሁሉ ጋሽ ሁለቴ ነበር የሚለው» አለች። «ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት መነጽር፣ ሁለት ጃንጥላ። ሚስቱን ሲያገባ እንኳ ሁለቴ ነው የፈረመው፣ አንዱ ወረቀት ቢጠፋስ ብሎ።» ፈገግ ልትል ሞከረችና ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች።

«ይህ ቀይ ክርስ?»

«የፍላሹ ማንጠልጠያ ነው። ባለፈው ሳምንት ሸሪኩ አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ውሃ ደፋበት፣ በስህተት ነው ብሏል። ላፕቶፑ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የአዲሱ ትምህርት ቤት ሪፖርት ያለው ፍላሹ ላይ ብቻ ነበር። ሲተኛም ከአንገቱ አያወጣውም።»

«ምን ይላል ሪፖርቱ?»

«አላሳየኝም። ግን ሰሞኑን እህል አይወርድለትም ነበር። ትምህርት ቤቱ ነገ ነው የሚከፈተው። ሸሪኩ ደግሞ ሕንፃው ጤነኛ ነው ብሎ ከስድስት ወር በፊት ፈርሟል።»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ከሁለት ሰዓት ከአርባ እስከ አራት ተኩል ማተሚያ ቤት። እዚያ የነበሩትን ጠይቂ።»

ሸሪኩ ከረባቱ የተስተካከለ፣ ጥፍሩ የጠራ ሰው ነው። ደንበኛ ማነጋገርና መፈረም የእሱ፣ ናሙናውና የውሃ ገንዳው የሟቹ ሥራ እንደነበር ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በበሩ ብቅ አልኩ» አለ። «ያንን ማገገሚያውን እየሠራ ነበር። ያውቁታል አይደል? ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ቢሞት የሚያስነሳውን ፍላሽ። አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ ከሁሉ በፊት እሱን ካልሠራ ምሳ አይበላም። ‹እስኪያልቅ እንዳትረብሹኝ› አለኝ፣ ዘጋሁለት። አራት ሰዓት ላይ ያቺ ጠጋኝ ስትገባ አየኋት። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ይወቀው።»

«ፍላሹን አዩት?»

«ተሰክቶ ነበር። ምናልባት ተሳስቶ የሥራውን ሰክቶት ይሆናል ምስኪን፣ አርጅቷል እኮ።»

መርማሪዋ ስለ ስህተት አልጠየቀችውም ነበር። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ጠጋኟ በፊተኛው ክፍል፣ ከአንድ ሃምሳ አለቃ አጠገብ፣ የመሣሪያ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ላፕቶፑን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አመጣሁለት፣ ሰዓቱንም በስልኬ አስተካከልኩት» አለች። «ለማገገሚያ የሚሆን አዲስ ፍላሽ ሰጠሁት፣ ማሸጊያው ላይ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ‹ቡናዬን ጠጥቼ እጀምራለሁ› አለኝ። ከሦስት እስከ አራት ሩብ ጉዳይ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ፕሪንተር ስሠራ ነበር። አራት ሰዓት ላይ እንዴት ሆነለት ብዬ ተመለስኩ። በሩን አንኳኳሁ፣ መልስ ሲጠፋ ሄድኩ። እህቴ፣ እባክሽ፣ እስከ ማታ እንዳታቆዩኝ። ልጄ ነገ ትምህርት ቤት ትጀምራለች።»

«የቱ ትምህርት ቤት?»

«አዲሱ ነዋ።»

እስክሪብቶው ጸጥ አለ። መርማሪዋ ፈራች። አንድ ሰው ስለ ሕንፃው አንድ ነገር አውቆ ሞቷል፣ ያወቀው ነገር ተደምስሷል፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ይህች ሴት የልጇን እጅ ይዛ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ታስገባታለች።

«ማገገሚያ ሲሠራ ፍላሹ ላይ ቀድሞ የነበረው ነገር ምን ይሆናል?»

«ድራሹ ይጠፋል። ማሽኑ ራሱ ሳይጀምር ያስጠነቅቃል።»

«ጋሽ ሁለቴ ቻርጀሩን ከላስቲኩ እንኳ ሳያወጣ የአንገቱን ፍላሽ ሊሰካበት ይችላል?»

ጠጋኟ ቦርሳዋን ለቀቀች። «የአንገቱን? እሱ? ያንን ማስጠንቀቂያ ሦስት ጊዜ አንብቡ እያለ የሚያደርቀን ሰው? ቻርጀር ሳይሰካስ መቼ ይጀምራል?»

«ሥራው ስንት ሰዓት ላይ እንደተጀመረ ማወቅ ይቻላል?»

«ፍላሹ ላይ ያሉት ፋይሎች ሰዓታቸው አለ።»

ጠጋኟ ከሩቅ እየነገረቻት መርማሪዋ ራሷ ከፈተችው። የመጀመሪያው ፋይል የተጻፈው ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ሃምሳ አለቃውን ወደ ማተሚያ ቤቱና ወደ ጥርስ ሐኪሙ አሯሯጠችው።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አለቃው የእጅ ሰዓቱን እያየ ገባ። መርማሪዋ ሁሉንም በጀርባ ወዳለው መፈተኛ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አንድ ጥግ መጭመቂያው ማሽን፣ ሌላው ጥግ እስከ አፉ ውሃ የሞላ ገንዳ አለ። ወንበር ነበር፣ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«በመፍቻው ልጀምር» አለች። ከጠጋኟ ቦርሳ የወጣውን ቀጭን መፍቻ ከመደርደሪያው ብሎን ላይ አሳረፈችው። መፍቻው ብሎኑ ጥርስ ውስጥ ተሽከረከረ እንጂ ምንም አልያዘም። «በዚህ የመነጽር ብሎን ይፈታል፣ መደርደሪያ ግን አይፈታም። አሁን ወደ ፍላሹ። ጋሽ ሁለቴ አዲሱን ፍላሽ ኪሱ ይዞ፣ ሪፖርቱ ያለበትን አይሰካም። የአንገቱን ክር ያየ ሰው ደግሞ ነገሩ ይገባዋል። ሰው ክሩን በራሱ ላይ አሳልፎ ያወልቃል እንጂ በመቀስ አይቆርጠውም። የሚቆርጠው፣ ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስለተደፋ ራሱን ማንሳት የከበደው ሌላ ሰው ነው።»

«ስለዚህ?» አለ አለቃው።

«ስለዚህ ፍላሹ ሲሰካ ጋሽ ሁለቴ ሞቶ ነበር፤ መደርደሪያውም የተፈታው አደጋ እንዲመስል ነው። የማገገሚያው ሥራ የተጀመረው ደግሞ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ያን ሰዓት ጠጋኟ ጥርስ ሐኪሙ ጋ ናት፣ አራት ሰው አይቷታል። የእህቱ ልጅ ማተሚያ ቤት ናት። እዚህ የነበሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «እርስዎ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አነጋግሮኛል አሉኝ። ሥራው ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ አልፎት ነበር እኮ። ከሬሳ ጋር ነው ያወሩት?»

ሸሪኩ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። «ሰዓት ተሳስቼ ይሆናላ። ለምን ብዬ ነው የምገድለው? ሪፖርቱ ምን እንደሚል ማን ያውቃል? ፍላሹ ባዶ ነው። ናሙናውም ተጨፍልቆ ተጥሏል። በምኑ ነው የሚከሱኝ?»

«ይህንን ነበር የጠበቅኩት» አለችና ወደ እህት ልጅየዋ ዞረች። «አጎትሽ ከአንድ ዓምድ ስንት ናሙና ያወጣ ነበር?»

«ሁለት። ሁልጊዜ ሁለት። አንዱን ይጨፈልቃል፣ ሌላውን...» ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ሮጣ እጅጌዋን እንኳ ሳትሰበስብ ክንዷን ገንዳው ውስጥ ነከረች። ሸሪኩ አብሯት ዓይኑን ወደ ውሃው ላከ። በዚያ ላቦራቶሪ አሥራ ሁለት ዓመት ሲኖር እጁን እዚያ ነክሮ አያውቅም።

ናሙናው እየተንጠባጠበ ወጣ፣ የትምህርት ቤቱ ስምና የዓምዱ ቁጥር በሽቦ ታስሮበታል። ልጅቷ እጇን መልሳ ከተተችና ሌላ አወጣች፣ ከዚያም ሌላ።

«ለዚህኛው ሁለት ጊዜ ሁለት ነው የወሰደው» አለች፣ እንባዋና ውሃው ተደባልቆ። «ጋሼ...»

«አንዱ ይጨፍለቅ» አለ አለቃው በቀስታ። «የተቀሩት ለፍርድ ቤት ናቸው።»

ናሙናውን አጎቷ እንዳስተማራት አስተካክላ አቆመችና ማሽኑን አስነሳችው። መርፌው አምስትን አለፈ፣ ስምንትን አለፈ። አሥር ላይ ሲደርስ ድንጋዩ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ።

«ስንት መድረስ ነበረበት?»

«ሃያ አምስት።»

ሸሪኩ ያን መርማሪዋ ያልተቀመጠችበትን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ፊርማህን አንሳ አለኝ» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ሳላስፈትን ነበር የፈረምኩት። ነገ ሕፃናት ይገባሉ አለኝ። እኔ የታየኝ ስሜ ነበር።»

አለቃው ትምህርት ቤቱን ለማዘጋት ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ። ሃምሳ አለቃው ለጠጋኟ ስልኳን መለሰላት። ወዲያው ደወለች።

«እናትዬ፣ ነገ ትምህርት ቤት የለም።»

የልጇ ለቅሶ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ዩኒፎርሟን ከጠዋት ጀምሮ ለብሳው ነበር ለካ። መርማሪዋ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆመች።

«አልቅሺ የኔ እናት» አለች ጠጋኟ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ። «አልቅሺ፣ ልስማሽ።»