ያ ከባድ ቢላ ይጠቅማል ወይ?

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነገረኝ አልልም፤ ሕልምም አይደለም።

ያላመነ አይመን... ለመከራከር አቅሙ የለኝም።

ባለፈው እዚህ ቻናል ላይ አንድ ልጅ ጥያቄ ጥሎ ነበር። "ለጫካ የሚሆን፣ ከባድ፣ ጀርባው ወፍራም ቢላ ልገዛ አስቤያለሁ፤ ይጠቅማል ወይ?" አለ። ከሥሩ ስንቱ ተንጫጫ! አንዱ ስለ ብረቱ፣ አንዱ ስለ እጀታው፣ ሌላው "በሱ ፋንታ መጥረቢያ ግዛ" እያለ።

እኔ ቤት እንደዚያ ያለ ቢላ ነበረ። ስለዚህ እኔም ልመልስለት።

ሌሊት አይደለም። ጨለማ የለም። ቅዳሜ ነው፣ ቀትር፣ ጠራራ ፀሐይ... ናታንያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የገዛ ቤቴ።

ቢላውን የገዛው ባለቤቴ ብሩ ነው። ብሩ በክፋር ዮና በኩል አንድ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲያነሣ ይውላል። ማታ ይመጣና ሶፋው ላይ ተዘርግቶ፣ ሰዎች ጫካ ገብተው እሳት ሲያነዱ የሚያሳይ ቪዲዮ ያያል። እኔ ያኔ ሆዴ ገፍቶ ጫማዬን እንኳ ማየት አልችልም ነበር።

አንድ ቀን ይዞት መጣ።

"ሙኒትዬ፣ ቲሪ፣ እዪው! ዜ ሎ ጻዓጹዓ፣ መጫወቻ እንዳይመስልሽ። በዚህ እንጨት ትፈልጫለሽ፣ ቅርንጫፍ ትቆርጫለሽ..."

"የቱን እንጨት? መኪና ማቆሚያው ውስጥ ያለውን?"

መኪና ራሱ የለንም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለቤት አይሆንም። ቲማቲም ብቆርጥበት ጨፈለቀው። ሽንኩርት ብከትፍበት መክተፊያዬን ሊሰነጥቀው ምንም አልቀረውም። ድው... ድው... ነው የሚለው። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ሐጊት ወጥታ "ቤቱን እያፈረሳችሁ ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ ተረሳ።

ያልሳቁበት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። አማቴ፣ እማማ ሙሉመቤት።

እማማ ሙሉመቤት የጎንደር ሰው ናቸው። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ቢላውን በመዳፋቸው መዘኑት። ከዚያ ስለቱን ከሥሩ እስከ ጫፉ በጥፍራቸው ዳሰሱት፣ የተሸረፈ ቦታ እንዳለው ሊያውቁ።

"ይኸስ ብረት ነው" አሉ።

"ሽንኩርት እንኳ አይቆርጥም፣ እማማ።"

"ሽንኩርት ይቁረጥ መች አልኩ? ክብደቱ ነው ጥቅሙ።"

ልጄ ኖዓ ስትወለድ ቢላውን ከቁም ሣጥን አወረዱት። ከነአፎቱ የሕፃኗ አልጋ ሥር፣ በራስጌዋ በኩል አኖሩት።

"አራስ ብቻዋን አትተውም" አሉኝ። "የግድ ከሆነ ብረት ይጠብቃታል። ልጅቷ በእግሯ እስክትሄድ እንዳታነሺው።"

እሺ አልኩ። እንቅልፍ ያጣች ሴት እሺ የማትለው ነገር የለም።

ስለ እማማ ሙሉመቤት ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ሊፍት አይገቡም። "በቁሜ ሣጥን አልገባም" ይላሉ፤ በዚያ ጉልበት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያረፉ ይወጣሉ። ቤት ሲገቡ መዙዛውን፣ መቃኑ ላይ የተለጠፈውን የጸሎት ጥቅልል፣ ሳይነኩ፣ እጃቸውን ሳይስሙ ደፉን አይረግጡም።

ቢላ ደግሞ ከሰው እጅ አይቀበሉም። ኩሽና ውስጥ ስንቴ ረስቼ እንደዘረጋሁላቸው! እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ይሰበስባሉ።

"አስቀምጪው!"

ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ራሳቸው ያነሣሉ። "ስለት በእጅ የሰጠ ቤቱን ሰጠ" ይላሉ። እኔ የአሮጊት ወግ ነው ብዬ እስቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ብሩና እማማ ጸሎት ቤት ሄደው ከኖዓ ጋር ብቻዬን ነበርኩ። ሕንጻው በሙሉ ተኝቷል። ሙቀቱ ከባሕሩ ርጥበት ጋር ተደምሮ አናት ይበሳል። ኖዓ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ አሁን ትጠባለች፣ እኔ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ...

ሊፍቱ ሲወጣ ሰማሁ።

እኛ ፎቅ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ... ተዘጋ።

የእግር ኮቴ ግን የለም።

ኳ... ኳ...

"ሙኒት... ልጄ... ክፈችልኝ።"

የእማማ ድምፅ ነው። "መጣሁ!" ብዬ ኖዓን አስተኝቼ ሄድኩ። ከፈትኩ።

ማንም የለም።

ተመልሼ ስገባ ቢላው ከአፎቱ ወጥቷል። ክፍሉ መሐል ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ ጫፉ ወደ በሩ ዞሯል።

ብሩ አውጥቶ የረሳው መሆን አለበት አልኩ። ደክሞኛል፣ ሳልፍ አላየሁትም ይሆናል። ጥቂት ቆይቶ ብሩ በቁልፉ ከፍቶ ገባ። እማማ ከኋላው እያለከለኩ ደረጃውን ይረግማሉ።

"እማማ፣ ቅድም መጥተው ነበር?"

"እኔ? አሁን መምጣቴ አይደል።"

ኩታቸውን ሳያወልቁ ጠጋ አሉኝ።

"ከፈትሽ?"

"ከፈትኩ... ሰው የለም።"

"ቀትር ላይ ለሚያንኳኳ አትክፈቺ። እኛ ቁልፍ አለን።"

ከዚያ ገብተው ቢላውን አነሡት። በጥፍራቸው ዳሰሱት። መሐሉ ላይ ሲደርሱ ጥፍራቸው ቆመ።

ስለቱ ተሸርፏል።

"አኒ ሎ ናጋዕቲ ቦ!" አለ ብሩ። "በልጄ እሞታለሁ፣ አልነካሁትም።"

እኔን ያስፈራኝ ጋኔን አልነበረም። ቢላው ነው። ራቁቱን የወጣ ስለት ጨቅላ ልጅ ባለችበት ክፍል ምን ይሠራል? ከብሩ ጋር ተጨቃጨቅን፣ አለቀስኩ፣ በመጨረሻ ሊሸጠው ተስማማ። ያኮቭ የሚባል የእኛው ሰው፣ የቴል ሞንድ ከተማ ልጅ፣ ቅዳሜ ማታ ሻባት ሲወጣ መጥቶ ሊወስደው ተነጋገሩ።

እማማ ለመኑኝ።

"ልጅቷ እስክትሄድ ብቻ..."

"ደክሞኛል፣ እማማ። አልቻልኩም። ይውጣልኝ።"

አርብ ዕለት ከአልጋው ሥር አንሥቼ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፣ ኩሽና አስቀመጥኩት። ቅዳሜ ቀትር ላይ ኖዓ በራስጌዋ ምንም አልነበራትም።

ሊፍቱ ቆመ።

ኳ... ኳ...

"ሙኒት... ብሩ ቁልፉን ጥሎታል። ክፈችልኝ፣ ልጄ።"

ከፈትኩ። እንቅልፍ የነሣው ጭንቅላት ሁለት ነገር ባንዴ አያስብም።

እማማ ናቸው። ነጭ ኩታቸው፣ ጥቁር ጫማቸው፣ ሁሉም የሳቸው ነው። ገቡ። መዙዛውን አልነኩም። "ሻባት ሻሎም" አላሉም። አላለከለኩም።

ኖዓ ስታለቅስ ነበር።

ዝም አለች።

"ያ ብረት የት አለ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ኩሽና።"

"አምጪው፣ እኔ ልውሰደው። አንቺም እረፊ። ደክሞሻል።"

ያቺ "ደክሞሻል" የምትለው ቃል አንጀቴን በላችው። ሰው እንደዚያ ካለኝ ስንት ጊዜው! ዕንባዬ መጣ። ሄጄ ከካርቶኑ አወጣሁት። ያን ቀን ከወትሮው ይከብድ ነበር፤ በሁለት እጄ ነው የያዝኩት።

እማማ እጃቸውን ዘረጉ።

መዳፋቸው ተከፍቶ ይጠብቃል።

"ስጪኝ።"

ቆምኩ።

"...ላስቀምጠው፣ እማማ። እርስዎ ያንሡት።"

"በእጄ ስጪኝ።"

"ጠረጴዛው ላይ..."

"ሰው ካልሰጠኝ አላነሣም።"

ቢላውን አጥብቄ ያዝኩት። ያን ጊዜ ከታች፣ ከደረጃው፣ ድምፅ ሰማሁ። የሚያለከልክ ትንፋሽ። "ኧረ ይኸ ደረጃ ጉልበቴን ጨረሰው! ብሩ፣ ቆይ ልረፍ..."

እማማ ሙሉመቤት።

ፊቴ የቆመችውም ሰማች። ፈገግ አለች። ወደ ኖዓ ክፍል ዞረች።

እንዴት እንደቀደምኳት አላውቅም። ከኖዓ በር ሥር ወደቅሁ፣ ቢላውን ደፉ ላይ አጋደምኩት፣ ከኋላው ተቀመጥኩ። እሷ መጣች። ጫማዋ ስለቱ ጋር ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብላ አየችው... አየችው...

ቁልፍ ዞረ። ብሩ ገባ። እማማ መዙዛውን ነክተው እጃቸውን ሳሙ።

በእኔና በእነሱ መሐል ማንም አልነበረም።

ብሩ "ማ ካራ? ምን ሆንሽ?" እያለ ይጮኻል። እማማ ግን ወለሉን፣ ቢላውን፣ እኔን አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ሰጠሻት?"

"አልሰጠኋትም።"

"ተመስገን" አሉ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ።

ያኮቭ ያን ማታ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቢላው ከአልጋው ሥር ገባ፣ ሊፍቱም ለረጅም ጊዜ በቀትር እኛ ፎቅ ላይ አልቆመም። ኖዓ አደገች። አሁን ትሄዳለች፣ እንዲያውም መሮጥ ጀምራለች። ባለፈው ወር እማማ መጥተው "በቃ፣ ሥራውን ጨርሷል፤ ይሂድ" አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ያኮቭ መጥቶ ወሰደው።

እንግዲህ ለጠየቅከው ልጅ መልሴ ይኸ ነው። ይጠቅማል። ለሽንኩርት ግን አይደለም።

...

እስከዚህ ያለውን ትናንት ማታ ጽፌ ሳልለጥፈው እንቅልፍ ጣለኝ። የቀረውን አሁን ነው የምጽፈው። እሑድ ነው፣ ቀትር። ብሩ ሥራ ላይ ነው፣ ስልክ አያነሣም። ፊደል ብስት ይቅርታ።

ከጥቂት ደቂቃ በፊት እማማ አንኳኩ፤ ከፈትኩላቸው። ኖዓ እንደ ልማዷ ሮጣ አልተቀበለቻቸውም፣ ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። ምሳ እየሠራሁ ነበር። "አምጪ ልክተፍልሽ፣ ደክሞሻል" አሉኝ። እኔም ሳላስብ ሽንኩርቱንና ቀጭኗን ቢላ ዘረጋሁላቸው።

ከእጄ ተቀበሉኝ።

ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ነው የገባኝ። ኖዓን ታቅፌ ክፍሏ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ያኮቭ ጋ ደወልኩ።

"ያኮቭ..." አልኩት በሹክሹክታ፣ "ያ ቢላ አለህ?"

"እንዴ፣ አማትሽ ወሰዱት እኮ! 'መልስልኝ' ብለው ቤት ድረስ መጡ።"

"እንዴት አድርገህ ሰጠሃቸው?"

"እንዴት ማለት? በእጃቸው ነዋ።"

ባለፈው ወር "ይሂድ" ያሉኝ ቀንስ... በምን ነበር የመጡት? ዛሬስ? ሊፍቱ ሲቆም ሰምቼዋለሁ። ሁለቱንም ቀን ሰምቼዋለሁ። ደክሞኝ ነው እንጂ።

እማማ ጋ ደወልኩ። አነሡ። ያለከልካሉ።

"ደረጃው ላይ ነኝ፣ ልጄ። ልረፍና መጣሁ..."

"አይምጡ፣ እማማ... አይግቡ..."

"ኧ? ምን አልሽ? አይሰማኝም።"

ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይነሣም።

የኖዓ በር ደፍ ላይ ተቀምጫለሁ። የማጋድመው ነገር የለኝም። ኖዓ ጭኔ ላይ ዝም ብላለች።

ኩሽና ውስጥ ይከተፋል። የቀጭኗ ቢላ ድምፅ አይደለም። ድው... ድው... ድው... መክተፊያው ሲሰነጠቅ ሰማሁ። የሰጠኋት አንድ ራስ ሽንኩርት ብቻ ነበር።

አሁን መክተፉ ቆመ።

መግቢያው በር ላይ ቁልፍ እየዞረ ነው።