አንዴ ከነጠረ በኋላ

«ሚጣዬ፣ ስልኬን አደራ!» አለና የክፍሉ አምበል ጃኬቱን ጭኗ ላይ ጥሎ ወደ መረብ ኳስ ሜዳው ሮጠ። ሌሎቹም እየተከታተሉ የየራሳቸውን ከመሩባት። ሚጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ማጣጠፍ ጀመረች። ቀኝ እግሯ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደካማ ስለሆነ የምትሄደው በክራንች ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሥራዋ ዕቃ መጠበቅ ነበር።

አዲሷ የስፖርት መምህርት ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ ፊቷ ቆመች።

«አንቺስ?»

«እኔ ዕቃ ጠባቂ ነኝ፣ ቲቸር። የድሮው ቲቸር ሙሉ ማርክ ነበር የሚሰጡኝ።»

«ለዕቃ ጥበቃ የሚሰጥ ማርክ እንኳ የለኝም» አለች መምህርቷ፣ ሳትቆጣ። «ካልፈለግሽ አላስገድድሽም፤ በጽሑፍ ፈተናው ብቻ ይያዝልሻል። መጫወት ከፈለግሽ ግን፣ ምን ቢመቻችልሽ ትችያለሽ?»

«ተያት ባክሽ» ብላ በጆሮዋ አንሾካሾከች የወንበር ጓደኛዋ ቀጮ። «ጽሑፉን እንደሆነ ትደፍኚዋለሽ።»

እውነቷን ነበር። ሚጣ ግን ጥያቄው ላይ ቀረች። እግርሽን ምን ሆነሽ ያላት ሰው ብዙ ነው፤ ምን ቢመቻችልሽ ያላት አልነበረም።

«ኳሱን አንዴ መሬት ላይ ከነጠረ በኋላ ብመታው እደርስበታለሁ» አለች በመጨረሻ።

አምበሉ ከመረቡ ሥር ሰምቷት ኖሮ፣ «ኧረ ቲቸር! እሱማ ፋውል ነው!» ሲል ጮኸ።

«ዛሬ ለእሷ ፋውል አይደለም።»

«እንዴ! ለእሷ ብቻ?»

ኳስ በመጣ ቁጥር ዓይኑን የሚጨፍነው፣ «ዳቦ» የሚሉት ልጅ እጁን አወጣ። «ለእኔም ይፈቀድልኝ፣ ቲቸር።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲበርድ ግን ከኋላ ያሉ ሁለት ሴቶች «እኛም» አሉ። ቀጥሎ ሌላ ልጅ።

መምህርቷ ራሷ ሳቀች። «እሺ፣ የፈለገ አንዴ አንጥሮ ይምታ። ያልፈለገ በድሮው ይጫወት።»

ሚጣ ወደ ሜዳው ገብታ በአምበሉ ቡድን በኩል ጥጉን ያዘች። የመጀመሪያው ኳስ በብብቷ ሥር አለፈ። ሁለተኛው መረቡ ላይ ቀረ፤ አምበሉ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ከዚያ አንዱ ነጥሮ ደረቷ ድረስ መጣላት። በክራንቿ ተደግፋ በነፃ እጇ መታችው። ኳሱ መረቡን ተሻግሮ ሰው የሌለበት ጥግ ላይ አረፈ።

«ገባ!» ብሎ ዳቦ ዘለለ።

በሚቀጥለው ኳስ ልትደርስበት ተወርውራ በክርኗ ወደቀች። ጨዋታው ቆመ። ሁሉም ሮጠው መጥተው በብብቷ ይዘው ሊያነሷት ጀመሩ።

«ልቀቁኝ! ራሴ እነሳለሁ።»

ለቀቋት። መነሳቱ ጊዜ ወሰደባት፤ ፊቷም ቀላ። አምበሉ ክራንቿን አቀበላትና፣ «ቦታሽን ጠብቂ እንጂ! ጥጉን ክፍት አደረግሽው እኮ!» ብሎ ጮኸባት። ለማንም እንደሚጮኸው ነበር የጮኸው። ሚጣ ሳቋን ዋጠችና ወደ ጥጉ ተመለሰች።

ተሸነፉ። መምህርቷ ለሚጣ ከአሥር ስድስት ሰጠቻት።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የድሮውን መምህር «ልጄ ትቀመጥልኝ» ብላ የለመነችው እሷ ነበረች። ሚጣ ቤት ስትደርስ እጅጌዋን ወደ ታች ጎትታ በስፌት መኪናው አጠገብ ልታልፍ ስትል እናቷ ቀና አለች።

«ደም ነው እንዴ? ማን ገፍቶሽ ነው?»

ሚጣ ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «ማንም አልገፋኝም። መረብ ኳስ ስጫወት ወድቄ ነው።»

እናቷ የስፌት መኪናውን አቆመች።

«በሞትኩት! ነገውኑ መጥቼ ያቺን አስተማሪ አነጋግራታለሁ። ልጄን የሚጥል ትምህርት በአፍንጫዬ ይውጣ!»

«ነይ፣ እማ። ግን ስፖርት ያለን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ነይና መጀመሪያ ስጫወት እዪኝ። ከዚያ የፈለግሽውን ትነግሪያታለሽ።»

እናቷ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። «ብትወድቂስ?»

«እነሳለሁ። አንቺ ብቻ ሮጠሽ ሜዳ እንዳትገቢብኝ» አለችና፣ እጅጌዋን ጠቅልላ ቁስሏን ልታጥብ ወደ ቧንቧው ሄደች።