የቅድስት ሐና ግራ ጉንጭ

ናፖሊ ውስጥ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሠዓሊው መምህር ታዴዎ ቀለም በሚፈጭበት ድንጋይ ጥግ አናቱ ተፈርክሶ ሞቶ ተገኘ። ከራስጌው በቆመው ሸራ ላይ፣ ትናንት ባዶ የነበረው የቅድስት ሐና ፊት ተሥሏል፤ ቀለሙ አልደረቀም። ፊቱ የኦርሶላ ነው።

ኦርሶላ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት ልብስ አጣቢ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ታዴዎ ሲሥላት ቅድስት ሆና ተቀምጣለታለች። ከእሱ ሌላ ፊቷን የሚያይ አልነበራትም፤ እሱም የሚያየው መጨማደዷን ነው።

«ፊትሽ ከተሣለ እዚህ ነበርሽ ማለት ነው» አለ ዳኛው ዶን አስካኒዮ። «የመስቀያው ገመድ ያንቺ ነው።»

«ዛሬ ይህን ደጅ አልረገጥኩም።»

«ምስክርሽ?»

«ብቻዬን ነው የምኖረው። ድመቴን ይጥሩልኝ!»

የሟች ልጅ ፖርዚያ ጥግ ላይ ታለቅሳለች። ዘጠኝ ዓመት የታዴዎ ረዳት የነበረው ኮዚሞ ዳቦ ይቆርሳል፤ ቢላው በግራ እጁ ነው።

«ይብሉ እማማ፤ የእስር ቤቱ ዳቦ ድንጋይ ነው።»

ኦርሶላ አልበላችም። ሥዕሉን አየችና ሳቀች።

«ጌታዬ፣ ያችን አንዲት መስኮት ይዩ። እዚህ ስቀመጥ ፀሐይዋ ቀኝ ጉንጬን ነው የምትጠብሰኝ፤ ይንኩት፣ እንደ አሮጌ ጫማ ደርቋል። ታዴዎ ሸራው ላይ የሣላቸው የትንሿ ማርያም እጅም፣ የመልአኩ ክንፍም በዚያው በኩል ነው የበራው። የእኔ ግን ግራው በርቶ ቀኙ ጨልሟል። ታዴዎ ሰክሮ እንኳ ጥላ አይስትም። የሣለው ሌላ ሰው ነው፤ እኔንም ሳያስቀምጥ፣ በልቡ ይዞኝ፣ በገዛ ቤቱ ሲሥል በለመደው ብርሃን።»

«ማን?»

«በቀኝ እጁ የሚሥል ሰው መስኮቱን በግራው በኩል ያደርጋል፣ የገዛ እጁ ጥላ ሥራውን እንዳይጋርደው። ግራኝ ግን በቀኙ። ፖርዚያ አበባዋን የምትሥለው በቀኟ ነው።»

ሁሉም ወደ ቢላው ዞሩ። ኮዚሞ ቢላውን አስቀመጠ።

«ዘጠኝ ዓመት ደመናና መጋረጃ ብቻ! አንድ ፊት ልሣል አልኩት፤ ሳቀብኝ። ገፋሁት። ከዚያ በኋላ ማን ይከልክለኝ?»

«እኔን ለገመድ መረጥከኝ?»

«አልመረጥኩም። ቀለም እየፈጨሁ ሳይዎት ነው የኖርኩት። ሌላ የማውቀው ፊት የለኝም፣ እማማ።»

«ሲከሱኝ ግን እውነቱን በመናገር ፈንታ ዳቦ ቆረስክልኝ።»

የዳኛው ሰዎች ወሰዱት።

ፖርዚያ ሸራው ላይ የተሣለውን ፊት ልትፍቀው መፋቂያ አነሳች።

«ተዪው» አለች ኦርሶላ። «እንዲህ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም።»

ሁሉም ሲወጡ በለመደችው ወንበር ተቀመጠች። ፀሐይዋ መጥታ ቀኝ ጉንጯ ላይ አረፈች። የሚያያት አልነበረም።