ያልገደላት ጉርሻ

ኢንስፔክተር ኤቢሴ በሰበታ ከተማ ጅማ መንገድ ዳር ካለው ኬክ ቤት ስትደርስ የሞተችው ሴት ቤቱ ውስጥ ነበረች፤ ሊሞት የተቃረበው ወንድሟ ጌዲ ደግሞ በር ላይ። ሕዝቡ ከግንቡ ጋር አጣብቆ በድንጋይ ይወግረዋል። ጉድ እኮ ነው! ትናንት ከእጁ ኬክ ገዝቶ የበላ ሁሉ ዛሬ ደሙን ሊያፈስ ይሻማል። ፖሊሶቹ ያስጣሉት ወደ ሰማይ ተኩሰው ነው።

ቀድመው የወረወሩት ጎረቤቱ ኦቦ ሞቱማ ነበሩ። ልጁ ሸሚዙ በእህቱ ደም ተነክሮ እየጮኸ ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል ባይ ናቸው።

«ልጁን ስጡን፤ አለዚያ ቤቱን በላዩ ላይ እናነድበታለን» አሉ።

«ኦቦ ሞቱማ፣ ትንሽ ይታገሱኝ። ገዳዩ እሱ ከሆነ እኔው ራሴ በካቴና አወጣዋለሁ» አለች ኤቢሴ።

ጌዲን ወደ ውስጥ ስታስገባው ደነገጠች። ግንባሩን ድንጋይ ፈንክቶታል፤ እሱስ ይሁን። ከንፈሩ ግን ማንም ሳይነካው አብጦ ተገልብጧል፣ ፊቱና እጁ ላይ ሽፍታ ወጥቷል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። ቶሎ ብላ ከጎረቤት ክሊኒክ ነርስ አስጠራች። ነርሷ አለርጂ ነው ብላ መርፌ ወጋችው።

ቤቱ የጾም ኬክ ቤት ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ አይገባበትም፤ ኦቾሎኒማ ጨርሶ ክልክል ነው። ምግብ የማይስማማቸው ሰዎች ከቡራዩና ከሱሉልታ ድረስ የሚመጡት ለዚህ ነው። ወደ መጋገሪያው ክፍል የሚገባ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ከተሰቀሉት ነጭ ጋዋኖች አንዱን ይለብሳል።

የቤቱ ባለቤት ጣቢታ እዚያው መጋገሪያው ክፍል ወለል ላይ ወድቃለች። የጭንቅላቷ ኋላ በሊጥ መዳመጫ ተቀጥቅጦ ተከፍቷል፤ ፊቷ ግን አልተነካም። ኤቢሴ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ በንዴት የተደበደበ ግን ብዙም አላየችም። ተንበርክካ አፏን ተመለከተች። ኦቾሎኒ የተቀባበት ኩኪስ ግማሹ ታኝኳል፣ ግማሹ አገጯ ላይ ተተፍቷል። ከንፈሯ አላበጠም። ጥርሷ ላይ ደም አለ፤ ድዷ ግን ደህና ነው። ከዱቄት ጆንያው ውስጥ ደግሞ በደም የተረጨ ጋዋን ተጠቅልሎ ተገኘ።

የዕለቱ እንግዶች ሦስት ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ ኬክ ሊበሉ አብረው የመጡ የጣቢታ ጓደኞች። ፀዲና ራያ የልጅነት ጓደኞቿ ናቸው። ባርናባስ ደግሞ ዘንድሮ የተዋወቃት፣ ላግባሽ እያለ ሲለምናት የከረመ ሰው ነው። ጣቢታ ሻይ ላምጣ ብላ ስትገባ ሦስቱም በየተራ ከጠረጴዛው ተነስተዋል፤ ፀዲ ስልክ ልታነጋግር፣ ራያ ልትታጠብ፣ ባርናባስ አየር ልቀበል ብሎ። ጌዲ ከወፍጮ ቤት በጓሮ በር ሲመለስ ነው እህቱን ያገኛት። አፉን አፏ ላይ ገጥሞ ሊያስተነፍሳት ሞክሮ ነበር።

ኤቢሴ እንግዶቹን ለየብቻ አነጋገረች። ሴቶቹ እያለቀሱ ጨበጧት። ባርናባስ ግን ጣቶቹን አጥፎ የእጁን አንጓ ሰጣት፤ ምግብ ላይ እንዳለ ሰው። ጠረጴዛው ላይ ግን ማንም የቀመሰው ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ እጁ ከኪሱ አልወጣም።

ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ በዚህ ቤት ኦቾሎኒ ለምን ተከለከለ? ፀዲ ለጌዲ ሲባል ነው አለች፤ ልጅ ሆኖ ቀምሶት ሊሞት ሲል ከራያ ጋር ተሸክመው ሐኪም ቤት አድርሰውታል። ራያም ሳትጨምር ሳትቀንስ ይህንኑ ተናገረች።

«ለራሷ ነዋ» አለ ባርናባስ። «ብትቀምስ ጉሮሮዋ ይዘጋል። ራሷ ናት የነገረችኝ።»

ኤቢሴ ሁሉንም ሰበሰበች፤ ኦቦ ሞቱማንም አስገባች።

«ገዳዩ መጀመሪያ የሞከረው በጉርሻ ነው» ብላ ጀመረች። «ኩኪስ ውስጥ ኦቾሎኒ ቀብቶ አመጣ። ጋዋን ለብሶ ተከትሏት ገባና አጎረሳት። ከወዳጅ እጅ የመጣ ጉርሻ ማን ይመልሳል? ጉሮሮዋ ይዘጋል፣ ሰውም አለርጂ ገደላት ይላል ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ምንም አልሆነችም። ጣዕሙን ስታውቅ ተፋችው። ልትጮህ ስትል አፏን አፈናት፤ እሷም ነከሰችው። ያን ጊዜ ነው መዳመጫውን ያነሳው። ደሙ ያረፈበትን ጋዋን ጆንያው ውስጥ ሸሽጎ በንጹሕ ልብሱ ወጣ።»

«ጌዲ ላለመሆኑስ?» አሉ ኦቦ ሞቱማ።

«ጌዲን ከአፏ የነካው ብቻ ምን እንዳደረገው ያዩታል። በእጁ ሊቀባው አይችልም። ፀዲና ራያ ጣቢታን ምንም እንደማይላት ያውቃሉ፤ በማይገድላት ነገር አይሞክሯትም። ይገድላታል ብሎ ያመነው አንድ ሰው ብቻ ነው። አቶ ባርናባስ፣ ከኪስዎ ያልወጣውን እጅ እስቲ ያሳዩን።»

ባርናባስ ወደ ጓሮው በር ተፈተለከ። አንዱ ፖሊስ በእግሩ ጠልፎ ወለሉ ላይ ደፋው፤ እጁም በግድ ተፈለቀቀ። ከአውራ ጣቱ ሥር የጥርስ ምልክት ነበር፤ እስካሁን ይደማል።

«ወንድሜን ጥዬ አላገባህም አለችኝ» አለ እንደተደፋ። ከዚያ አንገቱን አዙሮ ጌዲን አየው። «የሚገድለው አንተን መሆኑን ባውቅ ኖሮ እሷን ባልነካኋት።»

ጌዲ ፊቱን ወደ ኤቢሴ አዞረ።

«ያፈርኩት እኔ ነበርኩ» አላት። «በሽተኛ የጋገረውን ማን ይበላል ብዬ። እሷ ናት ችግር የለም፣ የእኔ ነው እላለሁ ያለችኝ።»

ተነሳ። ፖሊሶቹ ሊይዙት ሲሉ ኤቢሴ ተዉት አለቻቸው። ጌዲ በሩን ከፍቶ ሊገድለው ቆሞ ወደሚጠብቀው ሕዝብ ወጣ።

«ኦቾሎኒ የማይስማማው እኔን ነው» አለ ጮክ ብሎ። «በሽታው የእኔ ነው። እህቴ የሞተችው በእኔ ፋንታ ነው።»

ኦቦ ሞቱማ ተከትለውት ወጡና በእሱና በሕዝቡ መካከል ቆሙ።