የግራው ወንበር

ካፒቴኑ የሞተው አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ ወይም ተቀምጦ የሞተ እንዲመስል ተደርጓል። ቀበቶው ታስሯል፣ ኮፍያው ግንባሩ ላይ ደፋ ብሏል፣ ትንሿ አውሮፕላን ግን ከመጠለያዋ ከሃንጋሩ ንቅንቅ አላለችም። ጠዋት ሥራ የገባው መካኒክ እንቅልፍ የወሰደው መስሎት ደጋግሞ ተጣርቷል።

የበረራ ትምህርት ቤቱ ባለቤት «ልቡ ነው፤ ድሮም ያመው ነበር» ብሎ ነገሩን ለመዝጋት ተጣደፈ። ሐኪሙ ግን ኮፍያውን ሲያነሳ ከማጅራቱ በላይ ቁስል አገኘ። መርማሪዋ የተጠራችው ያኔ ነው።

አጭርና ዝምተኛ ሴት ናት። የነገሯትን ሁሉ ሳትነፋ ስለማትቀበል ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። አንገቷን ወደ አውሮፕላኗ አስግጋ ብዙ ቆየች። ሟቹ ረጅም ሰው ነው፤ ጉልበቶቹ ከመሪው ሥር ተጨናንቀዋል። የተቀመጠው በግራ ወንበር ሆኖ ሳለ የጆሮ ማዳመጫው የተሰካው በቀኝ ነው። መነጽሩም የቀኙ በር ኪስ ውስጥ ተገኘ።

ከዚያ በመማሪያው ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው። መጀመሪያ የገባው የትምህርት ቤቱ ባለቤት ነበር።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ።»

«ማን ነው ያለው? ያ ነገረኛ መካኒክ ነው አይደል!» ላቡን ጠረገ። «የበረራ ክፍያ ስጨምር ተቆጣ፤ በቃ ይኸው ነው። ምን ላድርግ ታዲያ? ነዳጁ ጨመረ፣ መለዋወጫው ጨመረ፣ ኢንሹራንሱ ጨመረ። አውሮፕላን በጸሎት አይበርም እኮ!»

«እሱስ ምን አለዎት?»

«ከእንግዲህ አብራሪ የሚሆነው የሀብታም ልጅ ብቻ ነው አለኝ። ክፉ ቃል ተነጋገርን። ግን ኢንስፔክተር፣ ሰው በዚህ ይገደላል?»

ይገደላል እንጂ፤ ከዚህም ባነሰ ተገድሏል። መርማሪዋ ግን ይህን አልነገረችውም።

መካኒኩ ቅባት የጠጣ እጁን እያሻሸ ገባ፤ እሱም የሚጠረጥረው ሰው አላጣም።

«ስለ ሞተ ሰው ክፉ ማውራት አልወድም» ብሎ ጀመረና ክፉውን አወራ። «ያቺን አጭሯን ተማሪ ብቻዋን እንድትበር አልለቃትም ብሎ ነበር። ስታሳርፍ ድምፅ እንኳ አይሰማም፣ እሱ ግን ‹ድገሚ› ይላታል። በደገመች ቁጥር ደግሞ ትከፍላለች። እነሱ ሁለቱ ተመሳጥረው ባይሆን ኖሮ...» ወደ ባለቤቱ ቢሮ በአገጩ አመለከተ።

«ካፒቴኑ ሲያስተምር የት ነው የሚቀመጠው?»

«በቀኝ ነዋ። ግራው የተማሪ ነው። ሻዩን እንኳ እዚያው ቀኙ ላይ ሆኖ ነው የሚጠጣው።»

ተማሪዋ ስትገባ ዓይኖቿ አብጠው ነበር።

«ብቻሽን እንድትበሪ ለምን አልፈቀደልሽም?»

«ገና ነሽ... ይለኝ ነበር» አለች ወለሉን እያየች። ከዚያም ወሬ ለመቀየር ቸኮለች። «ትራሴን አገኛችሁት? አጭር ስለሆንኩ ከጀርባዬ የማደርገው ቀይ ትራስ ነው። ጋሼ ነው ያሰፋልኝ፤ ሁልጊዜ ግራው ወንበር ላይ ነው የምተወው።»

አውሮፕላኗ ውስጥ ትራስ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ጋሼ» የምትለው ታላቅ ወንድሟ የታክሲ ሹፌር ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷን ያሳደገው፣ አሁን ደግሞ ለትምህርቷ የወላጆቻቸውን ቤት የሸጠው እሱ ነው። እህቱን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«እኔ በር ላይ አውርጃት እሄዳለሁ እንጂ እግሬ ውስጥ ረግጦ አያውቅም» አለ።

«ካፒቴኑ እህትዎን ሲያስተምር የት እንደሚቀመጥስ ነግራዎት ታውቃለች?»

«ይህ ምን መንገር ያስፈልገዋል? መሪው ጋ ነዋ፣ በግራ። ካፒቴን አይደል እንዴ!»

መርማሪዋ አመሰገነችውና አብሯት ለመጣው ፖሊስ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም አውሮፕላኗ አጠገብ ተሰበሰቡ። እርስ በርስ የሚተያዩት በጎን ነበር።

«ካፒቴኑ ሌላ ቦታ ወድቆ ነው እዚህ የተቀመጠው» አለች መርማሪዋ። «ብቻውን ሊበር በግራ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋው፣ ማዳመጫውንም በግራ ይሰካው ነበር። የዚህ ቤት ሰው ቢሆን ደግሞ በቀኝ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ቦታው መሆኑን ባለቤቱም መካኒኩም ተማሪዋም ያውቃሉ። ካፒቴን በግራ ይቀመጣል ብሎ ያሰበው የውጭ ሰው ነው።»

ባለቤቱ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ግን ያ የውጭ ሰው ትራሱን ወሰደው። ለምን? ለማያውቀው ሰው ተራ ትራስ ነው፤ ወርውሮት ይሄድ ነበር። የወሰደው የማን እንደሆነ ስላወቀና ጥርጣሬው እሷ ላይ እንዳያርፍ ስለፈራ ነው። እንግዲህ ወንበሩን የማያውቅ፣ ትራሱን ግን የሚያውቅ ማን ነው?»

ፖሊሱ ቀዩን ትራስ ይዞ ገባ። ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር ነው ያገኘው።

«ጋሼ?» አለች ተማሪዋ።

ወንድሟ ሊክድ አልሞከረም። «በማለዳ ብቻዬን መጥቼ ለመንኩት። ‹የምሸጠው አልቋል፣ ልጅቷን አሳልፋት› አልኩት። ‹ምክንያቱን ራሷን ጠይቃት› አለኝ። ያላገጠብኝ መሰለኝ! ገፋሁት፤ ጭንቅላቱ የክንፉን ብረት መታ። ልገድለው አልነበረም። ግን ገንዘባችንን እየበላ...»

«አልበላም!» ጩኸቷ ሃንጋሩን ሞላው። «የራሱን የማስተማሪያ ክፍያ እንኳ ትቶልኝ ነበር። እኔ ነኝ ‹አትልቀቀኝ› ያልኩት። ብቻዬን መነሳት ፈራሁ፣ ጋሼ። ትችያለሽ ይለኛል፣ እኔ ግን ሌሊቱን በፍርሃት ስንቀጠቀጥ ነው የማድረው። ለወንድሜ እንዳትነግርብኝ ብዬ አስማልኩት።»

«ለምን? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቤታችንን ሸጠህ፣ ፈራሁ ልበልህ?»

ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ወንድሟ እንደ ሕፃን ተከተለው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«ታዲያ የሞተው ላንቺ የማለውን ጠብቆ ነው?»

እህቱ በጭንቅላቷ አዎ አለችው።