የአለበል ጃኬት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ከጎንደር ወጣ ብሎ ኮሶዬ። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ ነበር።

ስድስት ዓመት ስክሪፕት እየጻፍኩ፣ ሌላ ሰው ሲያበላሸው አይቻለሁ። ይሄን ፊልም ግን ራሴ ዳይሬክት ላደርገው ቆረጥኩ። ፊልሙ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይዘላል፤ በልቅሶ ይጀምርና የተለቀሰለት ልጅ ቤቱ ሲመለስ ያልቃል።

ልጁ ወንድሜ አለበል ነው። ከቤት ከወጣ አራት ዓመቱ። መርዶ የለ፣ ሬሳ የለ... እናቴ "ሳላይ አላለቅስም" ብላ፣ ጎንደር ቁስቋም ያለውን የቤታችንን በር ቀን ከሌት ገርበብ አድርጋ ትጠብቀዋለች።

እዚያ ቤት ማልቀስ ክልክል ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ላለቅስለት ፈልጌ ነበር። ፊልሙን የጻፍኩት ለዚሁ ነው... ለማንም አልተናገርኩም። ስክሪፕቱ ላይ ስሙን "መዝሙር" አልኩት።

ለልቅሶ የሟች ልብስ ይወጣል። ከእናቴ ሳጥን የአለበልን ቡናማ ጃኬት ሰርቄ ይዤ ሄድኩ።

"አክሽን!"

የመንደሩ ሰዎች ወንበር ላይ የተዘረጋውን ጃኬት ከበው አለቀሱ። እኔም ከካሜራው ጀርባ ተደብቄ አለቀስኩ።

ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች።

"አለበል! ወንድም ዓለም!"

ሰዎቹን ወደሰበሰቡልኝ አያ አስናቀው ተጠጋሁ።

"አያ... ስሙን ማን ነገራት?"

"ያ ልጅ ነዋ። ከኋላ የቆመው... ምነው፣ የናንተ ሰው አይደለም እንዴ?"

ዞርኩ።

ጉም ብቻ።

ካሜራ የያዘችው ናዝራዊት ክንዴን ጨበጠች። "አምሐ... ጃኬቱስ?"

ወንበሩ ባዶ ነው። ገደሉ አፍ ድረስ ፈለግን። የለም።

እናቴን ምን እላታለሁ? ጎንደር እስክገባ ሚኒባሱ ውስጥ ይህንኑ ሳሰላስል ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ደረስኩ።

በሩ ተዘግቷል... ከአራት ዓመት በኋላ።

አንኳኳሁ። እናቴ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ከፈተችልኝ።

"እማዬ... ማን ነገረሽ?"

"ራሱ።" ድምጿ ዝግ ያለ ነው። "'አምሐ አልቅሶልኛል፤ ከእንግዲህ በሩን ዝጊው' አለኝ።"

"ታዲያ የት ሄደ?"

"የት ይሄዳል? ቤቱ አይደለም እንዴ?"

የመመለሱን ትዕይንት ገና አልቀረጽነውም ነበር።

ከኋላዋ፣ ወደ ግድግዳው በዞረው ወንበር ላይ ጃኬቱ... እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ከእጅጌው የጉም ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

እናቴ ወደ ውስጥ ሳበችኝና በሩን ቀረቀረችው።